የግራ ዳሌው ምልክት

የሕክምና ማህደሩ እንዲህ ይላል፦ ኩለኒ ገመቹ ከጎድን አጥንቷ በታች የምታዘው ጡንቻ የላትም፤ ምድቧ አንድ ነጥብ ነው። የወንበሯ ምንጣፍ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ በሩብ ፍጻሜው ጨዋታ ኳስ ለመቀበል ስታዘነብል የግራ ዳሌዋ ጡንቻ ከአንጎሏ ትእዛዝ ደርሶታል፤ ምድቧ ሁለት ነጥብ ነው።

አብነት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ሲያነብ አልተደነቀም። በሐዋሳ ሐይቅ ላይ በሚንሳፈፈው አዳራሽ የወንዶችና የሴቶች ዓለም አቀፍ የዊልቸር ቅርጫት ኳስ ውድድር ከተጀመረ ወዲህ፣ የሁለቱም የኢትዮጵያ ቡድኖች የወንበር ቴክኒሻን እሱ ነው። ምንጣፉ ከተጫዋቹ ሥር የሚነጠፍ ስስ ጨርቅ ሲሆን፣ አካል የትኛውን ጡንቻ እንደሚያዝ ከነርቭ ያነባል። ብዙ ጡንቻ የሚያዝ ተጫዋች ብዙ ነጥብ ይያዝበታል፤ ሜዳ ላይ ያሉት አምስቱ ተደምረው ከአሥራ አራት ማለፍ አይችሉም። ተጫዋቾቹ ምንጣፉን «አማት» ይሉታል፤ ቃል ሳይተነፍስ ሁሉን ስለሚያይ።

የሐይቁ እርጥበት ግን አማቲቱን ያሳስታታል። አብነት በዚያው ሳምንት የአራት ወንዶችን ምንጣፍ በዚህ ምክንያት አስተካክሏል። የኩለኒንም ምንጣፍ ከግራ ዳሌዋ የሚመጣውን ምልክት እንዳያነብ ዘጋውና ቅጹ ላይ «የእርጥበት ስህተት» ብሎ ፈረመ። በማግስቱ በግማሽ ፍጻሜው ሴቶቹ ኮሎምቢያን በአንድ ቅርጫት ልዩነት አሸንፈው ለፍጻሜ አለፉ።

እውነቱን ያወቀው በፍጻሜው ቀን ጠዋት ጎማ ሲነፋ ነው። የኩለኒ የወገብ ቀበቶ ሁለት ቀዳዳ ላልቶ አገኘው። ወገቡን የማያዝ ሰው ቀበቶውን እንዲህ ካላላ ገና ኳስ ሲይዝ በፊቱ ይደፋል። እሷ ግን ግማሽ ፍጻሜውን በሙሉ ቀጥ ብላ ተጫውታለች። ምንጣፉን አውጥቶ ዳሰሰው፤ ደረቅ ነው። ያን ዕለት ሳይዳስሰው እንደፈረመ ትዝ አለው።

ኩለኒን መልበሻ ክፍል ውስጥ ከአምበሏ ከመክሊት ጋር አገኛት። የሠራውን አንድም ሳይደብቅ ነገራት። እሷም ጣቶቿ ላይ ፕላስተር መጠቅለሏን ሳታቋርጥ የራሷን ነገረችው። ከሁለት ዓመት በፊት የወሰደችው የነርቭ ማብቀያ ሕክምና አልሠራም ተብሎ ማህደሩ ተዘግቶ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ግን ዳሌዋ ተንቀሳቀሰ። ዘጠኝ ዓመት የለመነችው ነገር ሲመጣ፣ ውድድሩ እስኪያልቅ እንዲቆይላት ጸለየች። እሷ ሁለት ነጥብ ከሆነች ቡድኑ አሥራ አምስት ይሆናል፤ ከአምስቱ አንዷ መውጣት አለባት።

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ሻንጣሽን ስታሸክሚኝ የከረምሽው እየዳንሽ ነው?» አለች መክሊት።

ኩለኒ ሳቀች። መክሊትም ሳቅ ጀምራ ነበር፤ አልጨረሰችውም። ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንድ ፍጻሜ ለመጫወት አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቃለች።

አብነት ዝም ቢል ከሦስቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ኮሎምቢያዎቹን ግን ቁርስ ላይ አይቷቸዋል፤ ሳይነጋገሩ ሳህናቸውን እያዩ ይበሉ ነበር። ከሁሉ በላይ ያሳፈረው ሌላ ነው። አንድ አካል ከዘጠኝ ዓመት ዝምታ በኋላ ሲናገር መልእክቱ የደረሰው እሱ ዘንድ ነበር፤ እሱም ብልሽት ብሎ ዘጋው። ሰው ሊለወጥ እንደሚችል ማሽኑ ተቀብሎ ነበር። ያልተቀበለው ሰውየው ነው።

ቢሆንም ምስጢሩ የእሷ አካል ጉዳይ ነው። ለእሷ ሲል ዝም እንዲል ትፈልግ እንደሆነ ጠየቃት።

ኩለኒ ወደ መክሊት ጀርባ ተመለከተች።

«ለእኔ ብለህ ዝም አትበል፣ አብኔ። እኔም ለቡድኑ ብዬ ነው ዝም ያልኩት ስል ከረምኩ። ስለ ዳሌዬ እኔ እናገራለሁ። ስለ እጅህ አንተ ተናገር።»

ከሰዓት በኋላ ቡድኑ በፍተሻው ጠረጴዛ ፊት ተሰለፈ። ሴኔጋላዊቷ ተቆጣጣሪ ወይዘሮ አሚናታ ከጨዋታ በፊት ሁሌም የሚጠይቁትን ጠየቁ፤ ምንጣፎቹ ላይ የተነካ ነገር አለ? መልሱ ሁሌም «የለም» ስለሆነ ጣታቸው ማጽደቂያው ቁልፍ ላይ ሊያርፍ ተቃርቦ ነበር።

«አለ» አለ አብነት፣ ከኋላው ያሉት ሁሉ እንዲሰሙት ድምፁን ከፍ አድርጎ። «የኩለኒን ምንጣፍ ሳላጣራ የዘጋሁት እኔ ነኝ። ትክክል የነበረው ምንጣፉ ነው። ግማሽ ፍጻሜው ይሰረዝ፤ ዛሬ ኮሎምቢያ ትጫወት።»