የጥቁሩ ዳርቻ ወሬ

ያን ቀን ጠዋት ደሴቲቱ ሦስት ዳርቻ ብቻ ነበራት። ትናንት አራት ነበሩ፤ አንደኛውን ቅልጥ ድንጋይ በላው። ማንም አልተገረመም። የአፋር ዝቅተኛ ምድር ባሕር ከሆነ ወዲህ፣ መካከሉ ላይ በቀረችው በዚህች የእሳተ ገሞራ ደሴት ዳርቻ እንደ ጨረቃ ይወለዳል፣ ይጠፋል።

ጎብኚ የት የት እንደሚሄድ የሚወስነው «መራጩ» ነው፤ በየዓለቱ በተተከሉ መርፌዎች የምድርን ትንፋሽ የሚያዳምጥ ማሽን። ጠባቂው ይትባረክ ይባላል። ላለፈው አንድ ወር መራጩ አንድ ዳርቻ ለመምረጥ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበት ነበር። ይትባረክ ትናንት ሆዱን ከፍቶ ቢያይ በጀልባ ነጂዎች ወሬ ታጭቋል፦ የማን ፍየል መንታ ወለደች፣ ማን አገባ፣ ነፋሱ ወዴት ዞረ። «ቆሻሻ!» ብሎ ጠረገው። ዛሬ ማሽኑ ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ መረጠና ጨረሰ፤ ጥቁሩ ዳርቻ።

ይትባረክ ደስ አለው። እናቱ ወይዘሮ ደብሪቱ ባሕር አይተው አያውቁም፤ ከደብረ ታቦር ድረስ የመጡት ያንን ጥቁር አሸዋ በባዶ እግራቸው ሊረግጡ ነው። ገና ጀልባው ሳይነሳ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

ጀልባ ነጂው ካሎይታ ግን ሞተሩን አላስነሳም።

«መራጩ ታሟል» አለ።

«እንዲያውም ዛሬ ነው የዳነው!»

«ሌላ ቀን መጀመሪያ ዳጉ እንቀመጣለን። ያየሁትን ይጠይቀኛል፣ የሰማውን ይነግረኛል። ዛሬ በሬዲዮው ሰላምታ እንኳ የለ፤ ‹ሂድ› ብቻ።»

ዳጉ፣ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ያዩትንና የሰሙትን ሳይዋሹ የሚለዋወጡበት ልማድ ነው። ይትባረክ ያውቀዋል፤ ማሽን ዳጉ ይቀመጣል ብሎ ግን በሕልሙም አላሰበም።

«ታዲያ ለእኔ ንገረኛ ልጄ፣ ምን አየህ?» አሉ ወይዘሮ ደብሪቱ፣ የጀልባው ጠርዝ ላይ ተመቻችተው እየተቀመጡ።

«የሚስቴ እህት ወልዳለች፤ ወንድ ነው። ነፋሱ ደህና ነው። ጥቁሩ ዳርቻ ላይ ሸርጣኖቹ ከውሃ ወጥተው ዓለት ላይ ተደራርበዋል። ወፎቹም ዛሬ አሸዋው ላይ አላረፉም።»

ይትባረክ የመርፌዎቹን ሰሌዳ አየ። ሁሉም አረንጓዴ። ቀጥሎ የእናቱን ባዶ እግር አየ።

«ማሽኑ ምንም የለም ይላል...» አለ።

«ማሽንህ ወሬ አይወድማ!» አሉ እናቱ። «አባትህም እንዲሁ ነበር። የገዛ በሬው መጥፋቱን የሰማው በሦስተኛው ቀን ነው።»

ይትባረክ ወደ ካሎይታ ዞሮ «ወደ ነጩ ዳርቻ ውሰደን» አለ።

ቀትር ላይ የጥቁሩ ዳርቻ ባሕር እንደ ድስት ተንፈቀፈቀ። መርፌዎቹ ሰሌዳው ላይ የቀሉት ከዚያ በኋላ ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ እንፋሎቱን ከሩቅ አዩና ጫማቸውን አደረጉ።

ይትባረክ እንደተመለሱ የጠረገውን ወሬ ሁሉ ከመጠባበቂያ ቅጂው አውጥቶ ለመራጩ መለሰለት። ከዚያ የነገውን ዳርቻ ጠየቀው። ማሽኑ እንደ ልማዱ ዝም አለ። አምስት ደቂቃ፣ ዐሥር ደቂቃ። ሊያጠፋው እጁን ሲዘረጋ፣ ሰሌዳው ግርጌ ላይ እስከ ዛሬ ልብ ያላላት አንዲት ትንሽ መስመር ብልጭ ድርግም ስትል አየ።

«አንተስ ምን አየህ?»

ወር ሙሉ በየጠዋቱ ተጠይቆ ኖሯል። ማሽኑ ግማሽ ሰዓት ይዘገይ የነበረው መልሱን እየጠበቀ ነበር።

ይትባረክ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ።

«እናቴ መጥታለች» ብሎ ጀመረ።