አጭሩ ሞላ

«መካኒኩን የመኪና ሞላ ነው የበላው!» ይላል ጎማ ጠጋኙ፣ ጋራዡ በር ላይ ለቆመው ሁሉ። «ተፈናጥሮ ግንባሩን አለው። ሞላ ነው የበላው!» ሲደጋግመው የሰማ፣ ሞላው ራሱ ቃሉን የሰጠ ይመስለዋል።

«አይተሃል?» አለችው መርማሪዋ።

«ሰምቼ ነው እንጂ! መች አስገቡኝ?»

«ከማን ሰማህ?»

«ከጥይት።»

ጥይት የሚሉት ሾፌሩን ነው፤ የሟቹን ሚስት ወንድም።

መካኒኩ በክሪክ ከተነሳችው የውድድር መኪና አጠገብ ተዘርሯል። ፊቱ ፊት መባሉ ቀርቷል፤ ግንባሩ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ ጥርሶቹ ከዘይቱ ጋር ወለሉ ላይ ተበትነዋል። ማጅራቱም ተፈንክቷል። ራስጌው ደም የነከረው አዲስ ሞላ አለ፤ አጭር፣ ወፍራም። ጎኑ ሞላ መጨቆኛው ተጥሏል። ከመኪናዋ የወጡት ረጃጅም አሮጌ ሞላዎች ግን ጥግ ላይ አቧራቸውን እንደለበሱ ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ ከመኪናዋ የወጣ የፍሬን ዲስክ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ሞላ አንዴ መትቶ ይሄዳል» አለች መርማሪዋ ለራሷ። «ይኼን የመታው ግን ተመላልሷል።»

ሚስትየው በር ሥር ተቀምጣለች፤ እንባዋ ደርቋል።

«ከማን ተጣልቶ ነበር፣ እትዬ?»

«ከወንድሜ ነዋ። የነገው ውድድር የመጨረሻ ዕድሉ ነው፤ ከቀረ ቡድኑ ያባርረዋል። ባሌ ደግሞ መኪናዋን አልለቅም ብሎ ድርቅ አለ።»

«ለምን?»

«እሱ መች ይናገራል! ‹ዝም በይ፣ እኔ ዐውቃለሁ› ነው መልሱ።»

ጥይት አንገቱን ሰብቆ መጣ።

«እኔ እነዳለሁ እንጂ ብሎን አልፈታም። እዚህ ምን እሠራለሁ?»

«እጅህ ያስታውቃል፤ ዘይት ነክቶት አያውቅም» አለችው።

ከዚያ ሦስቱንም ሰብስባ ደም የነከረውን ሞላ እግራቸው ሥር ወረወረችው። ጎማ ጠጋኙ በጫማው አቆመው። ሚስትየው አልተነቃነቀችም። ጥይት ግን እባብ እንዳየ ወደ ኋላ ዘለለ።

«ቀስ በይ እንጂ! ይፈናጠራል!»

«ግጠመው» አለች ጎማ ጠጋኙን፣ ሞላው የሚገባበትን አዲሱን አሞርዛተር እያቀበለችው።

ሰውየው በአንድ እጁ አስገባው። ሞላው ላላ፤ ተንቀጫቀጨ።

«ይኼማ መኪና ካልተጫነው በግ ነው! እኔ ረጅሙ መስሎኝ ነበር።»

«ገዳዩም እንደዚያው መስሎት ነው ደም ነክሮ ራስጌው ያስቀመጠው» አለች መርማሪዋ። «አሮጌው ረጅም ነው፤ ሳይጨቆን አይወጣም፣ ካመለጠም ይገድላል። ይህን ያልሰማ የለም። አዲሱ ግን መኪናዋ ኩርባ ላይ እንዳታጋድል የተሠራ አጭር ነው፤ በእጅ ይገባል። ይህን የሚያውቀው የገጠመ ብቻ ነው። እትዬ፣ እርስዎስ?»

«ባሌን ሳግዝ አይደል ያረጀሁት?»

«ስለዚህ ሞላ ሁሉ አንድ የሚመስለው አንተ ብቻ ነህ፣ ጥይት። ወሬውንም ለወሬኛ ያቀበልክ አንተ። የመታህበት የጎማ መፍቻም ከሾፌር ወንበርህ ሥር ተገኝቷል፤ የሟቹ ፀጉር እንደተጣበቀበት።»

ጥይት ጮኸ።

«‹መኪናዋን አልለቅልህም› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ! ምክንያት እንኳ አልነገረኝም! ማጅራቱን አልኩት… ዞሮ ስሜን ሲጠራ ፊቱን… ከዚያ ማቆም አቃተኝ።»

እህቱ ተነስታ በጡጫ አፉን አለችው። ደም ተፋ። ሁለተኛ ሳትደግመው በሩን ይጠብቁ የነበሩት ፖሊሶች መሃል ገብተው ይዘውት ወጡ።

ጎማ ጠጋኙ ለአንዴ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔን እንኳ… ምሎ አስምሎኝ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ‹ጥይት ከሰማ ይፈራል፤ የፈራ ሾፌር ደግሞ አያሸንፍም። አዲሱ ዲስክ ጠዋት ይደርሳል፣ ገጥሜ እሰጠዋለሁ› ብሎኝ።»

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጨርቅ ፈታች። ዲስኩ ከመሃል እስከ ጠርዝ ተሰንጥቋል።

ጥይትን የጫነው የፖሊስ መኪና መታጠፊያውን አልፎ ነበር።