እትብቱ ላይ የበቀለው ቡና

ሽማግሌው አባቦራ ሞቶ የተገኘው እንዲጠብቀው በታዘዘው ቡና ሥር ነው። በጎኑ ተጋድሟል፤ ግራ እጁ ግንዱን እንዳቀፈ ነው፤ አንገቱ በገጀራ ተቆርጧል።

ከሰቃ ከተማ ወጣ ብላ ባለችው በዚያች መንደር ይህ ተራ ዛፍ አልነበረም። ቡና የሚያደርቀውን በሽታ አጥንቶ ስሙ ባሕር የተሻገረው ዶክተር አሊ ሲወለድ፣ አባቱ እትብቱን ቀብሮ የተከለበት ቡና ነው። ዶክተሩ ካረፈ ወዲህ የመጀመሪያው የመታሰቢያ በዓል የሚከበረውም በ1970 ዓ.ም.፣ በዚያው ጠዋት ነበር።

የፖሊስ መርማሪው መቶ አለቃ እሱባለው ከጅማ ሲደርስ ዳሱ ተጥሎ፣ ከድስቶቹ ሥር እሳት እየነደደ ነበር። በዳሱ ግንባር በተሰቀለው ቀይ ጨርቅ ላይ የዶክተሩ ምክር በትልልቅ ፊደል ተጽፏል፦ «ከዛፍ ወደ ዛፍ ስታልፍ ስለትህን በእሳት አሳልፍ።» ገዳይ የተባለውም ሰው ተይዟል። ከወረዳው ላንድሮቨር ጎን፣ በታጣቂዎች መካከል የፊጥኝ ታስሮ ተቀምጧል። ኤርሲዶ ይባላል፤ ከደቡብ የመጣ ቡና ለቃሚ ነው።

የወረዳው ካድሬ ጓድ አብተው መቶ አለቃውን ቆሞ ተቀበለው።

«ነገሩ አልቋል። ፈርምና በዓሉን እንጀምር። እንግዶቹ ሲሄዱ በሰውየው ላይ አብዮታዊ እርምጃ ይወሰዳል።»

«እስከዚያ ጊዜ አለኝ ማለት ነው።»

«ለምን? ሥጋው እስኪበስል?»

እሱባለው ወደ ዛፉ ሄደ። ሳሩ ውስጥ የተጣለውን ገጀራ አነሣና ወደ ብርሃን አዘነበለው፤ አሸተተውም። ስለቱ ጥላሸት ለብሷል፤ ላምባ ይሸታል። ደሙ የደረቀው ከጥላሸቱ በላይ ነው። ጎንበስ ብሎ የግንዱን ሥር አየ። ልጡ በጥንቃቄ ተፍቋል፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ላይ ጥቁር መስመር ወርዷል። አጠገቡ ያለው ቡናም ልክ እንደዚሁ ተፍቋል፤ የዚያኛው እንጨት ግን ነጭ ነው።

ከዚያ ኤርሲዶ ፊት ቁጢጥ አለ።

«ሸሚዝህ ላይ ያለው የማን ደም ነው?»

«የአባ ነው፣ ጌታዬ። ሳነሣቸው ነካኝ።»

«ጎህ ሲቀድ ምን ልትሠራ መጣህ?»

«ልጸልይ። የጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ቡናው መሃል ነው የምንጸልይ። አባ ይቆጡ ነበር። ግን "ቀስ ብለህ ጸልይ፣ ጦጣውን ታስነሣብኛለህ" ከማለት በቀር አባረውኝ አያውቁም።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚስቴ ልያ ነፍሰ ጡር ናት። ዛሬ ከወሰዱኝ አልመለስም።»

«አውቃለሁ» አለ እሱባለው። ብድግ ብሎም ወደ ዳሱ ሄደ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ቲጃኒ ዳሱ በር ላይ ወንበር ያስደረድር ነበር።

«ኦቦ ቲጃኒ፣ ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል ይባላል።»

«ከሱ ጋር ያልተጣላ ማን አለ? አላህ ይማረውና፣ በቅሎው እንኳ ትሸሸው ነበር! "እንግዳ ቡናዬን ይረግጥብኛል" አለ። እኔ ደግሞ ዛፉን ማንም እንዳይነካው ጠብቅ ብዬ አዘዝኩት። ወላሂ፣ ሌላ የለም።»

«ዛፍ ምን ጥበቃ ያስፈልገዋል?»

«ቅርንጫፉ ይታደላላ! የሸቤውም የጅሬኑም እንግዳ ወስዶ በየማኅበሩ ይተክለዋል። የጓድ አብተው ሐሳብ ነው።»

«ገጀራው ለምን የጠቆረ ይመስልዎታል?»

«ያ ጴንጤ ደሙን ሊያጠፋ አቃጥሎት ነዋ!»

ሳትጠየቅ የቀረችው ለጢፋ ነበረች፤ የዶክተሩ ታናሽ እህት። የግብርና ሠራተኛ ናት፤ ሙያውን ያስተማራት እሱ ነው።

«ዛፉ ታሟል አይደል?» ሲል ጠየቃት።

«ታሟል። ወንድሜ ዕድሜውን የፈጀበት በሽታ ነው። ተነቅሎ ይቃጠል ብዬ ትናንት ጓድ አብተውን ለመንኩት። "የሳይንቲስቱን ዛፍ በበዓሉ ቀን? አብዮቱን ልታሳፍሪ ነው?" አለኝ።»

«ቅርንጫፉ ከታደለስ?»

«በደረሰበት ሁሉ ቡናውን ይጨርሰዋል።»

እሱባለው ሁሉንም ከዳሱ ጀርባ፣ ከእሳቱ አጠገብ ሰበሰባቸው። የኤርሲዶን እጅ አስፈታ።

«አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ከታመመው ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ፣ ከማዶ ካለው ጤነኛ ደግሞ አንድ እየቆረጣችሁ ስጡኝ።»

ቲጃኒ በማጭድ ሁለቱንም ቆረጥ ቆረጥ አደረጋቸው። «ይኸው! በስተርጅና አትክልተኛ አደረግኸኝ።» ኤርሲዶም በደነዘዘ እጁ እንደዚያው አደረገ።

ለጢፋ የመጀመሪያውን ቆረጠች። ወደ ሁለተኛው ስትራመድ ቆም አለች። እሱባለውን አየችው፤ ምን እንደሚፈልግ ገብቷታል። ዝም ብላ ብትቆርጥ ማንም ምንም አይላትም ነበር። ጤነኛውን ቡና ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው። ከዚያ ወደ እሳቱ ሄደች፤ ስለቱን ነበልባሉ ውስጥ አገላብጣ አሳለፈችና ተመልሳ ቆረጠች።

«ገዳዩ ደሙን ሊያጠፋ ገጀራውን አቃጠለ ተባለ» አለ እሱባለው። «ደሙ ግን ከጥላሸቱ በላይ ነው። ስለዚህ ገጀራው እሳት ያየው ከግድያው በፊት ነው። ሊገድል የመጣ ሰው ስለቱን ይስላል እንጂ አያቃጥልም። ልጡም የተፋቀው በሽታውን ለማየት ነው፤ መጀመሪያ የታመመው፣ ቀጥሎ ጎረቤቱ። በሁለቱ መካከል ያ ሰው ስለቱን በኩራዝ አቃጠለ፤ በሽታውን እንዳያሻግር። ኤርሲዶ ይህን ሥራ አያውቅም። ኦቦ ቲጃኒ ምክሩን በጨርቅ ላይ አጽፈው ሰቅለውታል፤ እጃቸው ግን አያውቀውም። የሚያውቅ እጅ አንድ ብቻ ነው።»

ለጢፋ ማጭዱን መሬት ላይ አኖረች።

«ሌሊት በኩራዝ ጥቁሩን መስመር ሳይ፣ ጎረቤቱ ሳይያዝ ልቆርጠው ተነሣሁ። አባቦራ መጡ። በአንድ እጃቸው ግንዱን አቀፉ፤ በሌላው ያዙኝ። ታገልን፤ ገጀራው አንገታቸው ላይ አረፈ። ልገድላቸው አልነበረም።»

«ኤርሲዶ ሲታሰር ግን እርስዎ ዝም አሉ።»

«ፈራሁ።» ወደ ኤርሲዶ ዞረች። «ፈራሁ፣ ወንድሜ።»

ኤርሲዶ የገመዱን ሰንበር አሻሸ።

«ጎበዝ መርማሪ ነህ» አለ ጓድ አብተው። «አሁን ወደ በዓሉ እንሂድ። ለቃሚውን መልሳችሁ እሰሩት።»

«ቃሏን ሰምተዋል፣ ጓድ።»

«ዳሱ ውስጥ የአዲስ አበባ እንግዶች ተቀምጠዋል። የምናከብረው ሰው እህት ነፍሰ ገዳይ ናት ልበላቸው?» ወደ ለጢፋ ቀረበ። «ቅርንጫፎቹን በእጅሽ ታድያለሽ፤ ስለ ዛፉ አንዲት ቃል አትተነፍሺም። ያኔ ይህ ሰው ጅማ ወህኒ ቤት ይገባል እንጂ አይሞትም። እምቢ ካልሽ ግን እዚሁ ያበቃለታል። ምረጪ።»

ለጢፋ ወደ እሱባለው አየች። እሱባለው ዐይኑን ወደ መሬት ሰበረ።

ለጢፋ መድረኩ ላይ ወጥታ አደለች። ቅርንጫፎቹ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለዋል። የሸቤው ሽማግሌ የደረሰውን ስሞ ደረቱ ላይ አስጠጋው። «አዴ፣ አላህ ያክብርሽ! ደጃፌ ላይ እተክለዋለሁ፤ ልጆቼ ይጠብቁታል።» ለጢፋ አንገቷን ነቀነቀች። የመጨረሻው ቅርንጫፍ ከእጇ ሲወጣ ጓድ አብተው እጁን አነሣ፤ ላንድሮቨሩም ኤርሲዶን ጭኖ ተነሣ።

እሱባለው እየሮጠ መንገዱ ዳር ደረሰ። መኪናው መገንጠያው ላይ ቀስ አለ። የጅማውን መንገድ ትቶ ወደ ጫካው ታጠፈ። ከኋላው፣ ከዳሱ ውስጥ ጭብጨባ ይሰማ ነበር።

ለጢፋ እያለከለከች አጠገቡ ደረሰች። ከአቧራው በቀር የምታየው አልነበረም።

«ወደ ጅማ ነው የወሰዱት?»

«አዎ» አላት። «ወደ ጅማ ነው።»