አሥራ ሰባተኛው ምሰሶ

ኤርቪኖ ሬሳውን ያየው ገመዱን ከቆረጠ በኋላ ነው። ጉድ የሠራውም ይኸው ነው።

ማክሰኞ አመሻሽ ላይ ባሕሩ ጎድሎ፣ የኋለኛው ቦያችን ግማሹ ጭቃ ሆኖ ነበር። በአሥራ ሰባተኛው ምሰሶ ላይ አንዲት ጀልባ በአፍንጫዋ ተንጠልጥላለች። በእኛ መንደር የተንጠለጠለች ጀልባ ያየ ሰው የማን ናት ብሎ አይጠይቅም፤ ይደርስላታል። ኤርቪኖም ቢላዋውን አውጥቶ ገመዱን በጠሰ። ጀልባዋ ውሃው ላይ ስትወድቅ ከተሸፈነችበት ሸራ ሥር የሰው እጅ ብቅ አለ። የከተማው የቦይ ተቆጣጣሪ ሳንቴ ነበር፣ በገዛ ጀልባው ውስጥ፤ ጭንቅላቱ ከኋላ ተፈንክቷል።

መስኮት የከፈተ ጎረቤት ሁሉ ያየው ኤርቪኖን ነው፤ በአንድ እጁ ቢላዋ፣ በሌላው የተቆረጠ ገመድ ይዞ። ከሦስት ቀን በፊት ሳንቴ በዚያው ምሰሶ ላይ ቀይ ወረቀት ለጥፎ ነበር፤ «ጥልቀቱ በቂ ስላልሆነ ጀልባ ማቆም ክልክል ነው» የሚል። ሠላሳ ዓመት እዚያ ያቆመው ኤርቪኖ ታዲያ ዓሣ ገበያው መሃል «በዚሁ ጭቃ እቀብርሃለሁ!» ብሎ ጮኸበት። ሁላችንም ሰምተናል። እውነቱን ለመናገር አንዳንዶቻችን አጨብጭበናል።

ኤርቪኖ በዚያው ሌሊት ታሰረ። ረቡዕ ማለዳ ሚስቱ ኒቬስ የኢንስፔክተር ዲርቼን በር ደበደበች። ዲርቼ ጡረታ ልትወጣ አርባ ቀን ቀርቷታል። ጉልበቷ እንቢ ብሏታል፤ ምላሷ ግን ገና የሃያ ዓመት ነው።

«እትዬ ዲርቼ፣ ዛሬ በምሽቱ ጀልባ ወደ ትልቁ እስር ቤት ሊወስዱት ነው!»

«እህል ቀመሰ?»

«ምን ይቀምሳል? ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል። አባቱ ከዚያ እስር ቤት የወጣው በሬሳ ነው። ‹ከዚያ በር ከገባሁ አልወጣም፣ አትጠብቂኝ› አለኝ። እንዲህ ይባላል? ለእኔ?»

«ጀልባዋ ተንጠልጥላ እንደነበር ለፖሊስ አዛዡ ነግሮታል?»

«ነግሮታል፣ ሳቀበት። የዋና ከተማ ልጅ ነው፤ ጀልባ የሚያውቀው በፖስታ ካርድ።»

ዲርቼ እያነከሰች ወደ ቦዩ ወረደች። የገመዱ ቋጠሮ አሁንም ምሰሶው ላይ አለ፤ ባሕሩ ሲሞላ ከሚደርስበት ምልክት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ከራሷ በላይ። እዚያ የቀረውን ቁራጭና በጀልባዋ አፍንጫ ላይ ያለውን ገጥማ ለካች። ሁለቱ ተደምረው አንድ ክንድ አይሞሉም። ከዚያ የሳንቴን የጥልቀት መለኪያ ዘንግ ከጀልባዋ አነሳችና አሸተተች። ጫፉ ላይ የደረቀው ጭቃ ጥቁር ነው፤ ዘይት ዘይት ይላል። የቦያችን ጭቃ ግን አመድማ ነው።

«ሳንቴ፣ የት ነበር ስትለካ የዋልከው?» አለች ለባዶዋ ጀልባ።

ከምሳ በኋላ፣ ባሕሩ ሞልቶ ሳለ፣ ኒቬስንና ሁለት ሰዎችን በውሃው መሃል ባለው የወደብ ጽሕፈት ቤት ጠራች። እዚያ በእግር አይደረስም። እያንዳንዱ በገዛ ጀልባው መጥቶ ከደረጃው አጠገብ ካሉት ምሰሶዎች በአንዱ አሰረ። መጀመሪያ የገባው ዴሊዮ ነው፤ የመዝናኛ ጀልባዎች ከሚቆሙበት ማሪና ደለል የሚጠርገው የእኛው ሰው።

«ጭቃውን የት ነው የምትደፋው፣ አንተ?»

«ከተፈቀደልን ቦታ፣ ሩቅ ባሕር ላይ ነዋ።»

«ደርሶ መልስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አራት ሰዓት።»

«በቀን አምስቴ ትደፋለህ አሉ። ጀልባህ ክንፍ አወጣች?»

ዴሊዮ ላቡን ጠረገ።

ቀጥሎ የማሪናው ሥራ አስኪያጅ ኢንጂነር ቤርቴሊ ገባ፤ ከሐይቅ አገር ከመጣ ስምንት ወሩ፤ ሸሚዙ ላይ አንድ መጨማደድ የለም።

«ሳንቴ ትናንት እርስዎ ዘንድ መጥቶ ነበር?»

«ካየሁት ወር አልፎታል።»

«ምሳ ሰዓት ላይስ የት ነበሩ?»

«ቢሮዬ፣ ብቻዬን። እኔ እንደናንተ ቀን አልተኛም፣ ወይዘሮ።»

«ጀልባ ላይ እንዴት ነዎት?»

«በአምስት ዓመቴ ሐይቁን ቀዝፌ ተሻግሬያለሁ።»

«ጎበዝ!» አለች ዲርቼ። ከዚያ ሁሉንም አስቀምጣ ስለ ጉልበቷ ማውራት ጀመረች። ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ቅባቱ፣ ስለ ራጁ። መስኮቱ ለፀሐዩ ተዘግቷል። ሰዓቱ ነጎደ። አመሻሹ ላይ አዛዡ ኤርቪኖን በምሽቱ ጀልባ ሊያሳፍረው በካቴና አምጥቶ ጥግ አስቀመጠው። ኒቬስን ቀና ብሎ አላያትም። ከሩቅ የምሽቱ ጀልባ ጡሩምባ ሲሰማ እሷ መሬት ላይ ተንበረከከች።

«እትዬ፣ አንቺ ስለ ጉልበትሽ ታወሪያለሽ፣ ባሌን እየወሰዱብኝ ነው!»

«ተነሺ፣ ጨርሻለሁ» አለች ዲርቼ። «ሳንቴ ማሪናው ውስጥ እየለካ ነበር፤ ጥቁር ጭቃ ሌላ የትም የለም። ከዚያ የተጠረገው ደለል የሚደፋው እኛው ቦይ ውስጥ መሆኑን አወቀ፤ እኛ ጋ ሲደፋ ባሕሩ ዘይቱን ያጥበዋል፣ አመድማ ይሆናል። ጥልቀቱ የጠፋው፣ ኤርቪኖም ቦታውን ያጣው ለዚህ ነው። ዛሬ ለምክር ቤቱ ሊናገር ቀጠሮ ይዞ ነበር። ገዳዩ ትናንት ምሳ ሰዓት፣ ሁላችን በራችንን ዘግተን በተኛንበት ጀልባዋን ጎትቶ አመጣና፣ ኤርቪኖ በዛተበት ምሰሶ ላይ አሰራት። ባሕሩ ሞልቶ ነበር። አጥብቆ፣ አሳምሮ፣ ክንድ በማይሞላ ገመድ አሰራት።»

«ቢያጠብቀውስ?» አለ አዛዡ።

«እኛ ጫማ ማሰር ከመልመዳችን በፊት ገመድ ማላላት እንማራለን፣ ልጄ። ውሃው ይጎድላላ! ሐይቅ ግን አይጎድልም። የማሪናው መድረክ ደግሞ ተንሳፋፊ ነው፤ ከውሃው ጋር አብሮ ይወርዳል። እዚያ ስምንት ወር አጥብቆ ያሰረ ሰው አንድ ቀን እንኳ አይቀጣም። መስኮቱን ክፈተው።»

አዛዡ ከፈተ። ከታች የዴሊዮና የኒቬስ ጀልባዎች ገመዳቸው ረዝሞ ጭቃው ዳር ተንሳፍፈዋል። የኢንጂነሩ ነጭ ጀልባ ግን አፍንጫዋ ሰማይ እያየ ምሰሶው ላይ ተሰቅላ ትንቋቋለች።

ቤርቴሊ ተነሳ፣ አየ፣ ተቀመጠ።

«ይሄ... ይሄ ማስረጃ አይደለም።»

«ሳንቴ ትናንት ረፋድ ላይ ኢንጂነሩ ቢሮ ሲገባ አይቻለሁ» አለ ዴሊዮ ድንገት። «ሲወጣ አላየሁም። ጭቃውንም ቦያችን ውስጥ ድፋ ያለኝ እሱ ነው። ኤርቪኖ፣ ይቅር በለኝ።»

ኤርቪኖ ካቴናው ከእጁ ወጥቶ ወደ ቤርቴሊ እጅ ሲገባ እንኳ ያየ አይመስልም። ኒቬስ ክንዱን ይዛ በደረጃው አወረደችው። ከታች ነጯ ጀልባ በየቅጽበቱ ሲጥ ትላለች። ኤርቪኖ ቆመ።

«ተዋት!» አለች ኒቬስ። «ያቺን ጀልባ ብትነካ ውርድ ከራሴ! ትሰበር! አትሰማም?»

ቢላዋው ተወስዶበታል። እጁን ዘርግቶ ቋጠሮውን በጣቶቹ ይታገል ጀመር፤ በጀልባዋ ክብደት ጠብቆ አልፈታ አለው። ኒቬስ አንድ ጊዜ ሰማይ አየች፤ ከዚያም እሱን እየሰደበች፣ እያለቀሰች፣ ከጎኑ ሆና ገመዱን ያዘችለት።