ቀርቀሃው ላይ የማን ስም ይጻፍ?

ልጆች፣ አንዲት ጥያቄ አለችኝ። ብዙ ቀን ሆናት፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁላትም። አንዲት ችግኝ አለች እንበል። አንዷ ልጅ ብታደርቃት፣ ሌላዋ ልጅ ብታድናት፣ ችግኟ የማን ናት? በሉ መጀመሪያ ታሪኩን ስሙኝ።

ልጅቱ ቤዛዊት ትባላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሦስተኛ ክፍል ናት። ቤታቸው እንጅባራ ከተማ ዳር ላይ ነው፤ የጋሪ ፈረሶች ከሚያድሩበት ግቢ አጠገብ። እናቷ ማናለብሽ ትባላለች።

ሚያዝያ ላይ ቲቸር ሶስና ለክፍሉ ልጆች አንዳንድ የኮሶ ችግኝ ሰጧቸው። «ዛፍን በደብተር ብቻ አንማርም። በእጃችሁ ታሳድጓታላችሁ» አሏቸው።

ችግኞቹ በጥቁር ፕላስቲክ ውስጥ ናቸው። ቁመታቸው ከጣት አይበልጥም። ልጆቹ ቀርቀሃ ሰነጠቁ፤ ስማቸውን ጻፉበትና አፈሩ ላይ ሰኩት። ችግኞቹንም ክፍላቸው ውስጥ መስኮት ሥር ደረደሯቸው። ሰኔ ሲመጣ፣ ችግኙ የጸደቀለት ልጅ በሚኒባስ ዘንገና ሐይቅ ድረስ ሄዶ ይተክላል። የደረቀበት ግን ይቀራል።

ቤዛዊት ሚኒባሱን በሕልሟ ሁሉ ታየው ጀመር። መስኮት ዳር እንደምትቀመጥም ወስናለች!

ችግኝ ግን ቶሎ አያድግም። ጠዋት ስታያት ሁለት ቅጠል። ከክፍል ስትወጣ ስታያት ያው ሁለት ቅጠል። ከአጠገቧ ያለችው የውብአየሁ ችግኝ ግን አራት አውጥታለች። ውብአየሁ ከገጠር እየተመላለሰች የምትማር ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ፈረስ ያረባሉ። አገውኛም አማርኛም ትችላለች። ልጆቹ ውቤ ይሏታል።

ቲቸር ሶስና አስጠንቅቀው ነበር። «ፍግ ስትጨምሩ የከረመ፣ የበሰበሰ ይሁን። እሱም ትንሽ» ብለዋል። ቤዛዊት ሰምታለች፤ ግን ቸኮለች። አንድ ጠዋት ከፈረሶቹ ግቢ ገና እንፋሎቱ የሚጨስ ፋንድያ በፌስታል ይዛ ትምህርት ቤት ሄደች። ችግኟ ሥር ጠቀጠቀችው።

«በይ ብዪና እደጊ!» አለቻት።

በአራተኛው ቀን የቅጠሎቹ ጫፍ ተቃጠለ። በሳምንቷ ችግኟ ደረቀች። ልጆቹ ግን ሁሉም የየራሱን ስለሚያይ ልብ አላሏትም።

አርብ ዕለት ቤዛዊት የጽዳት ተረኛ ነበረች። ልጆቹ ሁሉ ወጡ። ብቻዋን ቀረች። ልጆች፣ ፈተና የሚመጣው ብዙ ጊዜ ብቻችንን ስንሆን ነው። ከላይ የሚታየውን ፋንድያ ለቅማ ጣለች። የደረቀችውን ችግኝ ውቤ ቦታ አስቀመጠች፤ የውቤን ወደ ራሷ ቦታ አመጣች። ስም ያለባቸውን ቀርቀሃዎችም ነቅላ አቀያየረች።

ሰኞ ልጆቹ ተንጫጩ። «ውይ! የውቤ ደረቀች! ዘንገና ቀረብሽ!»

ውቤ ቁጭ አለችና የደረቀችውን አየች። ቀጥላ የቤዛዊትን ቦታ አየች። ወደ ደረቀችዋ ተመለሰች። አፈሩን በጣቷ ጫር አድርጋ አሸተተችው። ከዚያ ሥሯ ውስጥ የቀረውን ፋንድያ በእንጨት እያወጣች ጣለች። ሌላ አፈር መለሰችላት። ለራሷ መጠጥ ካመጣችው ውሃ ግማሹን አጠጣቻት።

«ቲቸር! ውቤ የሞተ ታስታምማለች!» ብሎ ይሄነው የሚባል ልጅ ሳቀ።

«አንተ ስትታመም እናትህ ትጥልሃለች እንዴ?» አለችው ውቤ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲህ አደረገች። ውሃ ታጠጣታለች። በአገውኛ ታዋራታለች። ቤዛዊት ከጎኗ ሆና የቀማቻትን ችግኝ ታጠጣለች፤ ግን ቀና ብላ ውቤን ማየት አቃታት።

በሁለተኛው እሁድ ሰንበት ትምህርት ቤት መዝሙር ሲዘመር ከልጆቹ ኋላ ተሸሸገች። ቤት ስትገባም ምሳ አልበላ አላት። እናቷ ደንግጣ ግንባሯን ዳሰሰች።

«ምን ሆንሽብኝ? ትኩሳት ነው? ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ወይስ ጠበል? ኧረ ተናገሪ ልጄ፣ ቀልቤን አትግፈፊው!»

ቤዛዊት እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ትመቺኛለሽ እማ?»

«አልመታሽም። ግን ነገ በራስሽ አፍ ትናገሪያለሽ።»

«እፈራለሁ።»

«እኔም አስተማሪ ፊት መቆም እፈራለሁ። አብረን ሄደን አብረን እንፈራለን።»

በማግስቱ ማናለብሽ ክፍሉ በር ላይ ቆመች። ቤዛዊት ክፍሉ ፊት ወጥታ ተናገረች። «የደረቀችው የእኔ ናት። ትኩስ ፋንድያ ጨመርኩባት። ከዚያ በውቤ ችግኝ ቀየርኳት። ውቤ፣ ይቅር በዪኝ።»

የቲቸር ሶስና ፊት ተኮሳተረ። ውቤ ግን ፈገግ አለች።

«አውቄ ነበር» አለች። «የእኔዋን አንድ ቅጠሏን ትል በልቷታል። ያን ቅጠል አንቺ ጋ አየሁት። ደግሞ የፋንድያ ሽታ ይጠፋኛል? የፈረስ ቤት ልጅ እኮ ነኝ!»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?» አለቻት ቤዛዊት።

«ብናገር የእኔዋን ይመልሱልኛል። ይቺን ግን ደርቃለች ብለው ይጥሏታል። ማን ያጠጣታል? ደግሞ መቼ እንደምትናገሪ እየጠበቅኩሽ ነበር። ሁለት ሳምንት! አንቺስ ከችግኙም ትዘገያለሽ!»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ውቤ የቤዛዊትን እጅ ይዛ ወሰደቻት። «ነይ እዪ።» ከደረቀው ግንድ ሥር የስንዴ ፍሬ የምታክል አረንጓዴ ነገር ብቅ ብላለች። ቤዛዊት ተንበርክካ አየቻት። «ተመስገን! ተመስገን!» አለች።

ቲቸር ሶስና የክፍሉን ልጆች ይዘው ወደ ፈረሶቹ ግቢ ሄዱ። ትኩሱን ክምር በእንጨት ከፈት አደረጉትና «እጃችሁን አስጠጉ» አሉ።

«ይሞቃል ቲቸር!» አለች ቤዛዊት።

«ሥሯም እንዲህ ነው የተሰማት።»

ቀጥለው የከረመውን ክምር አስነኳቸው። ቀዝቃዛ ነው፤ አፈር አፈር ይሸታል። ይህን ትምህርት ከልጆቹ አንድም የረሳው የለም።

ሰኔ ላይ ሁለቱም ዘንገና ሄዱ። መስኮት ዳር የተቀመጠችው ውቤ ናት። ቤዛዊት በደስታ ለቀቀችላት፤ የታመመችዋን ችግኝ ታቅፋ መሐል ተቀመጠች። ማናለብሽም ሚኒባሱ ሳይነሳ ለውቤ ትኩስ ዳቦ ቋጥራ፣ «እግዚአብሔር ያክብርሽ ልጄ፤ የእኔንም ልጅ ነው ያዳንሽልኝ» ብላ ጉንጯን ስማታለች።

ሐይቁ ዳር መጀመሪያ የውቤን ተከሉ። ቀጥሎ ያቺን ሁለቱ አብረው ተከሏት። ቲቸር ሶስና አዲስ ቀርቀሃ ይዘው «እዚህ ላይ ማን ብዬ ልጻፍ?» አሉ።

«ውቤ በሉ። ያዳነቻት እሷ ናት» አለች ቤዛዊት።

«ኧረ የለም! የእኔ ያቻት ተተክላለች። ይቺ የተሰጠችው ላንቺ ነው» አለች ውቤ።

ቀርቀሃው ባዶውን ተሰካ። እስከ ዛሬም ባዶ ነው። ችግኟ ግን አምስት ቅጠል አውጥታለች፤ ክብሩ ለእግዚአብሔር ይሁን።

ልጆች፣ ጥፋታችንን ሳንደብቅ ብንናገርና ይቅርታ ብንጠይቅ፣ ደርቋል ያልነው ነገር እንኳ መልሶ ይለመልማል።

ቤዛዊት አሁንም ማታ ማታ እናቷን «እማ፣ የማን ናት?» ትላታለች። እናቷም መልስ የላትም፤ እኔም የለኝም። እስቲ እናንተ ምከሩን፤ ቀርቀሃው ላይ የማን ስም ይጻፍ?