ከግራው ስፒከር ሥር

ዓለምብርሃን ሰቆጣ ሊመጣ ነው ሲባል ጥሩሐረግ አላመነችም። ሦስት ጊዜ ማስታወቂያው ተለጥፎ ሦስት ጊዜ የቀረ ሰው ነው። አንዴ መንገድ ተዘጋ፣ አንዴ መብራት ጠፋ፣ አንዴ ጦርነቱ መጣ። የከበሮና የዋሽንት ድምፅ በኮምፒውተር ቆራርጦ መልሶ የሚቀጥለውን ይህን ሙዚቀኛ ከተማው ሁሉ ይወደዋል። እሷ ግን ከእሱ ጋር ሌላም ሰው ትጠብቅ ነበር።

ወንዳወቅ ገበያው ዳር ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭንባት ጠባብ ሱቅ ነበረችው። ከአምስት ዓመት በፊት ስልኳን ይዛ ገባች።

«የዓለምብርሃንን ጫንልኝ።»

«የትኛውን?»

«ያለህን ሁሉ።»

ቀና ብሎ አያት፤ እሷም አየችው። ስልኩ ጭኖ ጨርሷል፤ ሁለቱም ግን እንደተያዩ ነበሩ።

ከዚያ ወዲያ ሰበብ አላጣችም። በልጃገረዶቹ በዓል፣ በሻደይ ሰሞን ስትዘፍን በስልኩ ቀዳት፤ ስትጨርስ «እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አላት። ለዓለምብርሃን እልክለታለሁ ብሎ ማለ። «ሲመጣ ከግራው ስፒከር ሥር ቆመን አብረን እንሰማዋለን» ተባባሉ።

ጦርነቱ ሲገባ ወንዳወቅ ወደ ወልድያ ሸሸ። ስልክ ተቋረጠ፤ ሲመለስም ቁጥሩ አልሠራ አለ። ጥሩሐረግ ጠበቀች። በየነሐሴው ሻደዩን፣ ያንን ረጅም ሣር፣ ወገቧ ላይ አስራ ከልጃገረዶቹ ጋር ወጣች። በሰፈሯ ያገባች ሴት ሻደይ አትወጣም፤ ሣሩን ያየ ሁሉ አለማግባቷን ያውቃል። የቀረችው አባቷ የሞቱበትን ዓመት ብቻ ነው። እኩዮቿ ወልደዋል። «ቆመሽ ልትቀሪ ነው» ትላታለች እናቷ።

ኮንሰርቱ በሻደይ ሁለተኛ ቀን ከሰዓት በኋላ ኳስ ሜዳው ላይ ሆነ። ከነሻደይዋ ሄዳ ከግራው ስፒከር ሥር ቆመች። ሰው መድረኩን ሲያይ እሷ መግቢያውን ታያለች። ጌታዬ፣ ሌላ ምንም አልለምንህም፣ አለች በልቧ። ዛሬ ካልመጣ ከዚህ ወዲያ ምን ብላ እንደምትጠብቅ አታውቅም።

ዓለምብርሃን ከበሮውን ለቀቀው። ከከበሮው ሥር የሴት ድምፅ መጣ፤ የራሷ ድምፅ ነው። ቀጥሎ የወንዳወቅ፦ «አንዴ ድገሚልኝ።» ሜዳው አብሮ «ድገሚልኝ» አለ።

«ጥሩዬ።»

ዞረች። ወንዳወቅ ነው፤ ከስቷል። ዐይኑ ፊቷ ላይ አላረፈም፤ ወገቧ ላይ ያለው ሣር ላይ ተተክሎ ቀረ።

«አላገባሽም እንዴ?»

«ማን አገባች አለህ?»

«ካቻምና መጥቼ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «በሻደይ ቀን። ጓደኞችሽ ሁሉ ሲጫወቱ አየሁ፤ አንቺን አጣሁሽ። አግብታለች አልሁና በማግስቱ ተመለስሁ።»

«አባቴ ሞቶ ነበር። ሐዘን ላይ ሆኖ ሻደይ ይወጣል?»

«ነፍሳቸውን ይማር» አለ ወንዳወቅ።

«እናቴን ብትጠይቃት ምን ነበረበት? ቤታችንን ታውቀዋለህ።»

«ምን ብዬ? የሰው ሚስት የት አለች ብዬ? አፈርሁ።»

ያኔ ነው ጣቱን ያየችው። ቀለበቱ አዲስ ነው።

«መቼ?» አለችው።

«ጥር ላይ።»

ይህን ሁሉ ዓመት ጠብቃ በሰባት ወር ተቀደመች። ሣሩን በጥሳ ልትጥል እጇን ሰደደች፤ ግን ተወችው። ማልቀስም አማራት፤ እንባው አልመጣ አላት።

«ልሂድ?» አለ።

«ቁም። አብረን እንሰማለን ብለን አልነበር?»

በመካከላቸው አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቦታ ትተው ቆሙ። ስፒከሩ የእሱን ድምፅ ይደጋግማል፤ ሕዝቡም ይቀበላል። እሷ ብቻ አልተቀበለችም። ሲያልቅ ወንዳወቅ አቀርቅሮ ወጣ፤ ጥሩሐረግ አልተከተለችውም።

ቤት ገብታ ሻደዩን ፈታችና ለእናቷ ሰጠቻት።

«እማ፣ ከርሞ ሻደይ አልወጣም።»

የእናቷ ፊት በራ። ሽማግሌ የሚልክ ሰው የተገኘ መስሏት እልል ልትል ምንም አልቀራት። ጥሩሐረግ አላረመቻትም።