የአለቃ መልስ

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ መንፈስ አየሁ፣ ድምፅ ሰማሁ የምትል ሴት አይደለሁም፣ እንዲያውም እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀመር ሰበብ ፈልጌ የምነሳ ሰው ነኝ። ሥራዬ ልደታ ፍርድ ቤቱ አካባቢ ማመልከቻ መጻፍና ሰነድ መተርጎም ነው፣ ቢሮዬም፣ ቢሮ ከተባለ፣ ወደ አብነት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ፕሪንተርና ከእኔ ጋር ያረጀ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር የምትይዝ ጠባብ ክፍል ናት። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲፋታ፣ ሲካሰስ፣ ወራሽነቱን ሲያረጋግጥ እጽፋለሁ፣ ይህ ሥራ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር ሰው ኖረ የሚባለው ወረቀት ሲኖረው ነው፣ ሞተ የሚባለውም ወረቀት ሲኖረው ነው። ባሏ የሞተባት ሴት ፊቴ ቁጭ ብላ እያለቀሰች "የሞት ማስረጃ ይዘዋል ወይ?" ብዬ እጠይቃለሁ፣ ጨካኝ ሆኜ አይደለም፣ ያለ እሱ የሚሰማት ስለሌለ ነው። ይህን የምትነግራችሁ እንዲህ ያለች ሴት ናት፣ ስለዚህ ከመሳቃችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ስሙኝ።

ባለቤቴ ደረጀ የመኪና መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ ንብረት ያዥ ነው፣ ቀልደኛ ነው፣ ማለቴ ቀልደኛ ነበር። ነፍሰ ጡር ሆኜ፣ አልትራሳውንዱ ወንድ ነው ያለን ዕለት፣ ቢሮዬ መጣና "ተነሺ እስቲ" ብሎ ወንበሬ ላይ ተቀመጠ፣ ምን ሊያደርግ ነው ስል ለልጁ ኢሜይል ከፈተለት! ስም ስላልወጣለት "አለቃ" አለው፣ እኔ የደንበኞቼን ሰነድ በምቀበልበት የኢሜይል ፕሮግራም ውስጥም ከእኔ ስም ሥር አለቃ የሚል ሌላ ሳጥን ተጨመረ። ከዚያ ወዲያ ሥራ ቦታው ሆኖ በስልኩ ሲጽፍለት ነው የሚውለው። "አለቃ፣ ዛሬ እናትህ ሽንኩርት ሸተትከኝ ብላ ቁርሴን በር ላይ አስበላችኝ፣ ስትመጣ ፍረድ።" "አለቃ፣ የታክሲ ሰልፉ ማለቂያ የለውም፣ አንተ ግን ሳትሰለፍ ነው የምትሄደው፣ ዕድሜ ለእናትህ።" እኔም ምሳ ሰዓት ላይ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነብለት ነበር፣ እመኑኝ የአባቱ ጽሑፍ ሲነበብ ይራገጣል።

ማታ ቤት ስንገናኝ ደረጀ ይነተርከኛል፣ "አለቃ መልስ አይሰጥም እንዴ? ጸሐፊ አለው ሲባል ሰምቼ ነበር" ይለኛል። "ጸሐፊዋ የሰው ማመልከቻ ስትጽፍ ነው የዋለችው" እለዋለሁ፣ "ሲወጣ ራሱ ይመልስልሃል።" እንዲህ እያልን ስቀን እንተኛለን። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

ወጣ። ግን አላለቀሰም።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል፣ ዕድር ይጠራል፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ ያድራል፣ ቢያንስ ሐዘንህን የምታስቀምጥበት ወንበር ይሰጥሃል። ለእሱ ግን ይህ ሁሉ የለም፣ ያልተጠመቀ ልጅ ስም የለው፣ ስም የሌለው ለቅሶ የለው። ጎረቤቶቼ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ገብተው "እንኳን አንቺን አተረፈልን፣ በሌላ ይካስሽ" ይሉና ይወጣሉ፣ ክፋት የለባቸውም፣ የሚሉት ጠፍቷቸው ነው። እኔ ደግሞ ጡቴ ወተት ይዞ ልብሴን ሲያረጥበው ነጠላዬን ደርቤ እሸፍናለሁ። ፊቱን አላየሁትም። ገና ሐኪም ቤት ተኝቼ ሳለሁ ደረጀ ከአንድ ዘመዱ ጋር ሆኖ ወስዶ ቀበረው፣ የት እንደሆነ ስጠይቀው ሾርባ ላምጣልሽ ብሎ ወጣ።

ሊያስታምሙኝ የመጡት የደረጀ አክስት እትዬ አሰለፈች ናቸው ምክንያቱን የነገሩኝ። "ልጄ፣ እናት ቦታውን ካወቀች እግሯ ከዚያ አይነሳም፣ እንዳይነግርሽ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ተይው" አሉኝ።

"እርስዎ ያውቁታል?" አልኳቸው።

"እኔስ ምን ልሁን ብዬ ልወቀው፣ እሱ ይበቃል።"

እኔ ከዚያ ወዲህ የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ የት እንደተኛ ማወቅ። ደረጀ ግን ቀልዱም ቀረ፣ ወሬውም ቀረ፣ አንድ አልጋ ላይ እየተኛን ልጁን በየፊናችን ደብቀን ያዝነው።

ሥራ የተመለስኩ ዕለት መጀመሪያ ያደረግሁት ኮምፒውተሩን ከፍቼ አለቃ የሚለውን መጫን ነው። ባዶ። አንድ እንኳን የለም፣ የተሰረዙ የሚለውን ፎልደር ብከፍተው እሱም ተጠርጓል። ለደረጀ ደወልኩ።

"የልጁ መልእክቶች የት ገቡ?"

"አጠፋኋቸው፣ ከስልኬም ጭምር፣ ባለፈው የቢሮሽን ቁልፍ የወሰድኩት ለዚያ ነው" አለኝ።

"ለምን?"

"እንዳታይው ብዬ ነው፣ ራሂ። ለአንቺ ብዬ ነው።"

"የእሱ ወረቀት ያ ብቻ ነበር እኮ ደረጀ! የልደት የለው፣ የሞት የለው፣ ያ ብቻ ነበር!" ብዬ ጮህኩበት፣ ተራ የሚጠብቁት ባለጉዳዮች ተነስተው ወጡልኝ። ከዚያ በኋላ በእኔና በእሱ መካከል የነበረችው ትንሽ ንግግርም ደረቀች።

እንግዲህ ነገሩ የሆነው የግንቦት ልደታ ዕለት ነው። ሰፈራችን ያን ቀን እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፣ አመሻሹ ላይ እናቶች ደጅ ላይ ተሰብስበው ንፍሮው ይቀቀላል፣ ዳቦው ይቆረሳል፣ ልጅ የሌላት ትለምናለች፣ አምና የለመነች ዘንድሮ ልጇን ታቅፋ መጥታ ስለቷን ታገባለች፣ እልልታው ይቀልጣል። አምና እኔም ከለማኞቹ ነበርኩ። ዘንድሮ ያንን ደጅ ማየት ስለከበደኝ ሥራ አለኝ ብዬ ቢሮዬ ቀረሁ፣ የሕንፃውን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጠግነውን ከድርንም ና ብዬ ጠራሁት።

"አይዞሽ ራሂ" አለኝ ከድር፣ ነገሩን ስነግረው ቀልዱን ትቶ። "ይሄ ፕሮግራም አጠፋሁ ሲል ሁሌ አጥፍቶ አይደለም፣ እንዳይታይ ምልክት አድርጎበት ነው የሚያልፈው። ፋይሉ ተጨምቆ ካልጸዳ ውስጡ ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ፣ በሩን ዘግቶ እንደተቀመጠ ተከራይ በይው።" መጀመሪያ የኢንተርኔቱን ኬብል ነቀለ፣ ከዚያ የኮምፒውተሩን ሆድ ዕቃ ሲበረብር ቆየ፣ ፀሐይዋ ከመስኮቴ ልትወርድ ስትል "እንቺ!" አለኝ፣ መልእክቶቹ ከላይ ወደ ታች ተንዠረገጉ። አለቃ፣ አለቃ፣ አለቃ። አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

ያኔ ነው ያየሁት። በእያንዳንዱ መልእክት ጎን ወደ ኋላ የታጠፈች ትንሽ ቀስት አለች።

"ይቺ ምንድን ናት?"

"መልስ ሲሰጥ ነው የምትወጣው። መልሰሽላቸዋል ማለት ነው።"

"አንድም ቀን መልሼ አላውቅም።"

ሳቅ አለ። "ፋይል ሲመለስ ምልክቱ ይዘባረቃል፣ አታስቢው።" እሺ አልኩ፣ እኔም የምፈልገው እንዲህ ያለ መልስ ነው። ግን ከዚያው ከተሰረዘው ክምር የተመለሱ የደንበኞቼ መልእክቶችም ነበሩ፣ እነሱ ላይ ቀስት የለም። የተላኩ የሚለውን ፎልደር ከፈትነው፣ ባዶ። ከድር ጭንቅላቱን አከከና "ይገርማል" ብሎ ተወው፣ ዕቃውን እየሰበሰበ ግን አስጠነቀቀኝ፣ "ኬብሉን እንዳትሰኪው፣ ኢሜይሉ ከሚቀመጥበት ሰርቨር ጋር ከተገናኘ ደረጀ እዚያም ስላጠፋው ይሄንንም ተከትሎ ሊጠርገው ይችላል። ነገ በጠዋት ዲስክ ይዤ መጥቼ እገለብጥልሻለሁ፣ እስከዚያ ንክች!" ብሎኝ ሄደ።

ብቻዬን ቀረሁ። አንድ በአንድ እያነበብኩ፣ አንዳንዱ ላይ እየሳቅሁ፣ ወደ መጨረሻው ስደርስ የማላውቀው መልእክት አገኘሁ። ደረጀ የጻፈው ልጁን ቀብሮ የተመለሰ ዕለት ነው። "አለቃ፣ ዛሬ ይዤህ ሄጄ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ክብደትህ እጄ ላይ ቀርቷል። የት እንዳስቀመጥኩህ ለእናትህ እንዳልነግራት ከለከሉኝ፣ ብነግራት ትሰበራለች፣ ባልነግራት ትጠላኛለች። አለቃው አንተ ነህ፣ ምን ላድርግ?"

ለካ እንዳላየው የፈራው ይህን ነው። እኔ ባለቤቴ የጨከነ መስሎኝ ነበር፣ ለቅሶውን ያን ዕለት ነው የሰማሁት፣ እኔም ሐኪም ቤት ያላለቀስኩትን፣ ቤት ያላለቀስኩትን፣ ፊቴን በሁለት እጄ ይዤ እዚያ ወንበር ላይ አለቀስኩት።

እና ኮምፒውተሩ "ቲንግ" አለ።

ኬብሉ መሬት ላይ ነው፣ አየሁት። ደጅ እልልታ አለ፣ ከዚያ ነው እንዳልል ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ዓመታት አብሬው የኖርኩት ድምፅ ነው። ቀና ስል፣ በአለቃ ሳጥን ውስጥ ለመላክ የሚጠባበቁ በሚለው ፎልደር አጠገብ አንድ የሚል ቁጥር ወጥቷል። ከፈትኩት። ከ፦ አለቃ። ለ፦ ደረጀ። የደረጀ የመጨረሻ መልእክት ከሥር አለ፣ መልሱ የሚጻፍበት ቦታ ግን ነጭ ነው፣ አንዲት ፊደል የለም። እጄ ኪቦርዱ ላይ አልነበረም፣ ነገርኳችሁ፣ ፊቴ ላይ ነበር።

መሮጥ ነበረብኝ፣ ይገባኛል፣ ግን አልፈራሁም፣ ሰውነቴን የወረረው ሌላ ነገር ነው፣ ልጅ ሌሊት ሲነቃ እናት የምትነቃው ዓይነት። ኬብሉን አየሁ። ከሰካሁት የልጄ ወረቀት ሁሉ ሊጠፋ ነው፣ ካልሰካሁት ደግሞ ያቺ ነጭ መልእክት የትም አትደርስም። ፍርድ ቤት አጠገብ ስኖር ብዙ አይቻለሁ፣ ምስክር አፉን ሊከፍት ሲል በር የሚዘጋበት ሰው ግን አላየሁም። ተንበርክኬ ሰካሁት።

አንድ የሚለው ቁጥር ጠፋ። ሄደ። ወዲያው መልእክቶቹ ከታች ወደ ላይ፣ አንድ በአንድ፣ ሰው ከገመድ ላይ ልብስ እንደሚሰበስብ ቀስ ብለው ተነሱ፣ የሽንኩርቷ መጨረሻ ላይ ቀርታ ነበር፣ እሷም ሄደች። ባዶው ሳጥን ፊት ቁጭ ብዬ ቀረሁ፣ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

በሩ ሲከፈት ደረጀ ነው። የመጋዘን ካፖርቱን እንኳን አላወለቀም፣ ፊቱ አመድ መስሏል፣ ስልኩን በእጁ ጨብጦታል። ኮምፒውተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ "ነጠላሽን ልበሽ፣ እንሂድ" አለኝ።

የት እንዳልል ልቤ አውቆታል። ንፍሮ የሚበላበትን ደጅ ሁሉ አልፈን፣ "ኑ ቅመሱ" የሚሉንን "ይባረክ" እያልን፣ በየጠዋቱ ቆሜ ከምሳለማት የቤተ ክርስቲያን በር አለፍ ብሎ ካለ የአጥር ጥግ አደረሰኝ። በየቀኑ በአጠገቡ ነበር የማልፈው! አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ዙሪያው የተነቀለ አረም። ደረጀ እየመጣ ያጸዳው ነበር። ተደፍቼ ድንጋዩን አቀፍኩት፣ እሱም አጠገቤ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ፣ የልጃችንን ለቅሶ ያን ምሽት ሁለት ሰው ሆነን ተቀመጥን።

ስንመለስ "ምን መጣልህ?" አልኩት።

ቆመ። "አንቺ አይደለሽም የጻፍሽው?"

"እኔ አልጻፍኩም። እኔ ያየሁት ባዶ ነበር።"

"ባዶ አልነበረም" አለኝ። "አንብቤ አጠፋሁት። ፈራሁ፣ ራሂ። ምን ይል ነበር እንዳትይኝ፣ እባክሽ።" እስከ ዛሬ አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁትም።

ከድር በማግስቱ ዲስኩን ይዞ መጥቶ ብዙ ታገለ፣ ምንም አላገኘም። "ትናንት መልስ የሚለውን ነካክተኸው ይሆን?" ብለው "ወላሂ ራሂ፣ አልነካሁም" አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ቢሮዬ ሲመጣ ያንን ወንበር ትቶ ቆሞ ነው የሚሠራው።

እንግዲህ ማስረጃ አለሽ ወይ ብትሉኝ የለኝም፣ ሰውን ሁሉ ወረቀት የምጠይቅ እኔ አንዲት ወረቀት የለኝም። ለአለቃ ግን አንድ መልእክት ጽፌለታለሁ፣ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ፣ ለአባትህ የነገርከውን ለእኔም ንገረኝ ብዬ። ያልተነበበ መልእክት በዚያ ፕሮግራም ላይ ፊደሉ ደማቅ ነው፣ ሲነበብ ይቀጥናል። ባለጉዳይ ፊቴ ተቀምጦ እያወራ ዓይኔ ወደዚያ ይሰርቃል፣ ማታ ስወጣም ኮምፒውተሩን አላጠፋውም።

እስከ ዛሬ ጠዋት ደማቅ ነው።